አቡጄዲድ የለበሰው ሰሌዳ

አዳማ፣ ጥር ማለቂያ ላይ

ይድረስ ስልኩን ለዘጋብኝ፣ በቴሌግራምም ብሎክ ላደረገኝ፣ ደብዳቤ የሚዘጋበት መላ ግን ገና ላላገኘው ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የተሰበረው እግርህ በብርድ ያምህ ነበር፣ አሁንስ ተወህ? ሀዊስ እንዴት ናት? አካም ጅርታ በልልኝ። ትንሿ ኦብሴስ? እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ሳያት ግንባሯ የእማዬ ግንባር ሆኖብኝ ደንግጬ ቀረሁ። ሰዓቱ የሰላምታ ሰዓት አልነበረምና ሳልስማት መሄዴ እስካሁን ያንገበግበኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንተ ኩርፊያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ምንም አልሆንኩም ስልህ ግን ረግቼ ተቀምጬ የምጽፍልህ እንዳይመስልህ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ አንድ መስመር እጽፋለሁ። የአዳማን የጥር ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ወረቀቱን እየገለበጠ ቢያስቸግረኝ የአባባን ትልቁን መፍቻ ጭኜበታለሁ።

ተናድደህብኛል፤ እውነትህን ነው። ባቱ ውስጥ አሁን ምን እየተባልክ እንደሆነ መገመት አያቅተኝም። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ደብዳቤውንም ሳልከፍት ምድጃ ውስጥ እወረውረው ነበር። አንተ ግን ከእኔ ትሻላለህና እስክጨርስ ታገሠኝ። የቀለድንብህ መስሎሃል። እኔ በእማዬ አጽም እምልልሃለሁ፣ አልቀለድኩም። ለራሴ ብቻ ነው ታዲያ የምምለው፤ ለሌላ ሰው አልምልም። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ስትጨርስ ይገባሃል።

ከሰሌዳው ልጀምር። የምሠራበትን ታውቃለህ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫው ጣቢያ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነፋስ ቁጥር ሆኖ ሲያልፍ አያለሁ። ይኼን ያህል ነፈሰ፣ ይኼን ያህል ወደቀ፣ በቃ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ እማዬ «ይቺን ልጅ እሾህ ላይ ነው የወለድኳት» ትል አልነበር? አምና የሥራ ባልደረባዬ ዱሬቲ ላንጋኖ ወስዳ ዊንድሰርፊንግ የሚሉትን አሳየችኝ። ሸራ የተተከለበት ሰሌዳ ላይ ትቆማለህ፣ ሸራውን በሁለት እጅህ ትይዛለህ፣ ነፋሱ ውኃው ላይ ይዞህ ይሄዳል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው። የመጀመሪያ ቀን ስወድቅ ስነሳ ዋልኩ፤ ሊመሽ ሲል ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሸራው ሞልቶ ይዞኝ ሄደ። በቁጥር ብቻ የማውቀውን ነፋስ በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ኢንጂነር ወደ አገሩ ሲመለስ ሰሌዳውን ከነሸራው ለእኔና ለዱሬቲ ትቶልን ሄደ። ግቢያችን ውስጥ ከታንከሩ ሥር ተጋድሞ ከረመ። አባባ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ግማሽ ጀልባ እያለ ያሾፍበት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ዋዜማ ታዲያ፣ እኔና ዱሬቲ ነገ ላንጋኖ እንሄዳለን ስንባባል አባባ ሰምቶ፣ እኔም እሄዳለሁ አለ። ጆሮዬን አላመንኩም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከዕድር በቀር የትም የማይሄድ ሰው! ደስ አለኝ፤ ምን ነካው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ጠዋት ስነሳ ቀድሞኝ ተነስቶ ሰሌዳውን በአዲስ አቡጄዲድ ጠቅልሎ ጨርሷል። ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል አለኝ። ጨርቁን ከየት አመጣኸው ስለው፣ ነበረኝ አለ። እዚያ አሮጌው ላንድሮቨሩ ጣራ ላይ አወጣንለት፤ እሱ ራሱ ላዩንም፣ መሃሉንም፣ ታቹንም በገመድ አሰረው። እኔ ልርዳህ ብለው ጭነት ማሰር ያንቺ ሥራ አይደለም ብሎ አባረረኝ። የላንድሮቨሩ ግንባር ላይ የእማዬ ስም ዛሬም እንዳለ ነው፤ «አበዛሽ»። ኤንትሬውን፣ ያን የጭነት መኪናውን ሲሸጥ ጽሑፉን ወደዚህ እንዳዛወረው ታስታውሳለህ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያን ጽሑፍ የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

እኔ ደግሞ የመንገዱን አቧራ ፈርቼ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ጥቁር ሻሽ አስሬያለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ነው የሚያምረኝ።

የምትነዳው ዱሬቲ ነበረች። በፈጣን መንገዱ እንሂድ ስትል አባባ አሻፈረኝ አለ። በአሮጌው ካልሆነ እወርዳለሁ፣ በፈጣኑ መንገድ ሰው አይታይም አለ። ዱሬቲ ደግሞ ትልቅ ሰው ታከብራለች፤ እሺ አባባ፣ እንደፈለጉ አለችው። ሞጆ ሳንደርስ ራሴን አሞኛል ብሎ ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም አለና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። የሸራውን ረጅም ከረጢት በራሱ እጅ መስኮቱ ላይ አስደገፈው። ፀሐዩ ነው ብዬ ተውኩት። ወንድም ጋሼ፣ አባባ ሞጆን ተኝቶ ሲያልፍ አይተህ ታውቃለህ? ያ ሹፌር ሁሉ እየወጣ ሳይጨብጠው፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ኬላ ሳያወራ?

ሞጆ ላይ ከባድ መኪና ተደግፈው ሻይ የሚጠጡ ሹፌሮች ስናልፍ ብድግ አሉ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ቆቃ ኬላው ላይ ፖሊሱ ጣራውን ቀና ብሎ አየና ምንም ሳይጠይቀን እለፉ ብሎ ገለል አለ። ዓለም ጤና ሐብሐብ የሚሸጡት ሴቶች ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ዱሬቲ ዛሬ ሰዉ ሁሉ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እኔ ቂሏ የማስበው ስለ ከሰዓት በኋላው ነፋስ ብቻ ነው፤ በየደቂቃው ስልኬን እያወጣሁ የነፋሱን ትንበያ አያለሁ፣ ቶሎ ንጂ እያልኩ ዱሬቲን እነዘንዛለሁ።

መቂ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰለፍን። እኔ ውኃ ልገዛ ወረድኩ። የሽንኩርት ደላላውን ጋሽ ጃፋርን ታውቀው የለ፣ የአባባን ጓደኛ? መንገድ ተሻግሮ መጣና እጄን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይገኝም አለኝ። እኔ ለእማዬ መሰለኝ። እማዬ ስታርፍ እሱ ሞያሌ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ተገናኝተን አናውቅም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓመት ቢያልፍም ባገኘህ ቀን ማጽናናቱ ይቀራል እንዴ? እኔም አብሬው አለቀስኩ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጃፋር አልኩት። ሁለታችንም መቂ መሃል መንገድ ላይ ተቃቅፈን፣ እሱ ለአባባ እያለቀሰ፣ እኔ ለእማዬ። ከዚያ ሰልፉ ደረሰንና ሄድን። እሱ ስልኩን አውጥቶ ባቱ እንደደወለ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን በእኔ ዓይን አላየኸውምና ልንገርህ።

ባቱ መግቢያ ላይ ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እኔ ያን ጊዜም አልገባኝም፤ አንድ የከተማው ትልቅ ሰው ሞቶ ለቅሶ ላይ ደረስን አልኩ። ዱሬቲ ለአክብሮት ብላ መኪናውን አቆመች። ሰዉ ለሁለት ተከፈለና አንተ መጣህ። የፓምፕ ግሪስ የነካው የሥራ ልብስህን እንደለበስክ፣ ጫማህ እንኳ አልታሰረም። ምን ያህል መንምነሃል ወንድም ጋሼ። እኔን አላየኸኝም። በቀጥታ ወደ መኪናው መጥተህ እጅህን ጣራው ላይ ዘረጋህና ጉንጭህን ጨርቁ ላይ አደረግክ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣

«አሁንም ሳትነግሩኝ?» አልክ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ ኮፍያው፣ ፖሊሱ፣ ጋሽ ጃፋር። የበሩን እጀታ ስፈልግ ጊዜ ፈጀሁ። አንተ ደግሞ ፊትህን ጨርቁ ውስጥ ቀብረህ ቀስ ብለህ ሌላ ነገር ትናገር ጀመር። ምን እንዳልክ አልሰማሁም። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ረጅም ነገር ነበር፤ እያለቀስክ፣ እያቆምክ፣ እንደገና እየቀጠልክ። ካንተ አፍ እስከ ኋላው መስኮት አንድ ክንድ አይሞላም። መስኮቱ ደግሞ ለአየር ብለን ዝቅ ያደረግነው ነው።

በመጨረሻ ወርጄ ትከሻህን ያዝኩና፣ ወንድም ጋሼ ሰሌዳ ነው፣ አባባ አልሞተም አልኩህ። አላመንክም። የዕድራችሁ ሊቀመንበር መጥተው በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ጮኸ። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ሌላው ተከተላት። ሊቀመንበሩ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ አወረዱብኝ፤ በሬሳ ይቀለዳል ወይ አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ምን እላለሁ። አንተ ግን አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፊትህን በክንድህ ጠርገህ አንዴ አየኸኝና ዞረህ ሄድክ። ሀዊም ተከትላህ ሄደች። ወደ መኪናው ውስጥ ዞር ብለህ አላየህም። አባባ መኪናው ውስጥ አለ ልልህ ተከትዬህ ሮጥኩ፤ አልቆምክልኝም።

ተመልሼ ስገባ እሱ ግድግዳውን ዞሮ እንደሚተኛ ሰው ፊቱን ወደ ወንበሩ አዙሯል። ዱሬቲ፣ አባባ ልጅዎ እኮ ናቸው፣ ይውረዱላቸው እንጂ አለችው። ንጂ አለ። ደግማ ስትለምነው፣ ንጂ አልኩሽ አለ። እኔ የቀረውን መንገድ ስጮህበት ሄድኩ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ አልኩት፤ ያላልኩት ነገር የለም። አዳሚ ቱሉንም፣ ቡልቡላንም እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም።

ላንጋኖ ስንደርስ ገመዱን ልፈታ ብል እምቢ አለኝ። አባባ መጥቶ አንዷን ጫፍ ሳብ ሲያደርጋት ሁሉም በአንዴ ተፈታ። አቡጄዲዱን አራግፎ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው። እኔ ንዴቴ አልበረደልኝም። ነጭ ጨርቅ ጠቅልለህ ጣራ ላይ ስታስር ምን እንደሚመስል አላወቅክም ወይ ብዬ አፋጠጥኩት። ሐይቁን እያየ፣

«በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አለኝ።

ከዚህ በላይ አልጽፍልህም። ስንቱን ሬሳ ለአገሩ አፈር ያበቃው እሱ እንደነበር፣ ከሞያሌ ድረስ በነጻ ጭኖ ያመጣ እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ልጅ ሆነህ ረዳቱ ነበርክ። እኔ ማልኩልህ፤ የምምለው ለራሴ ብቻ ነው ያልኩህም ለዚህ ነው።

ነፋሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። በዚያ ሁሉ መሃል ውኃ መግባቴ አይግረምህ፤ ባልገባ እፈነዳ ነበር። ሻይ የመሰለው ውኃ ላይ እየወደቅኩ እየተነሳሁ፣ እያለቀስኩም ጭምር፣ ሸራውን አነሳሁት። ሞላልኝ። ከዳር ዳር ሄድኩ፤ ስመለስ አባባ ከተቀመጠበት ተነስቶ ጫማውን አውልቆ ውኃው ውስጥ ቆሞ ነበር። ፍሬኑ የት ነው አለኝ። ፍሬን የለውም፣ መቆም ስትፈልግ ሸራውን ትለቀዋለህ አልኩት። ከዚያ ሰሌዳውን እንደ በቅሎ በመዳፉ እያሻሸ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም፣

«ይቅር ብሎኛል እኮ» አለ።

ማን ስለው ጫማውን ሊያነሳ ወደ ዳር ወጣ። ፊቱ ግን እማዬ ከሞተች ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ጨርቁ ላይ ተደፍተህ ያልከውን እኔ አልሰማሁም። አንተ ታውቀዋለህ።

ስንመለስ በፈጣኑ መንገድ እንሂድ ያለው ራሱ ነው። ሰሌዳውንም ሳይሸፍን ነው የጫነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጭንቀቴ ልግባ። አባባ ስለ ጤናው አንዲት ቃል እንዳልጽፍልህ አስምሎኛል። ያኔ አንተ ሐዋሳ እግርህን ተሰብረህ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ፣ ልጄ ይጎዳል ብሎ የእማዬን ሞት ያስደበቀ ሰው ዛሬም ያው ነው፤ ልጄ ይጨነቃል ይላል። ስለዚህ ስለ ጤናው አልጽፍልህም። ስለ ቀበቶው መጻፍ ግን አልተከለከልኩም። ያን ቡናማ ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶለት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ በሳ። በየማክሰኞው አዲስ አበባ ይዤው እሄድና ማታ ይዤው እመለሳለሁ፤ የት እንደምንሄድ አልነግርህም። ጥሬ ሥጋ በቀረበበት ቀዳሚ የነበረው ሰው አሁን ሾርባ ብቻ ይጠጣል፤ እሱንም ለእኔ ብሎ ነው። ላንጋኖ ስንሄድ መንገድ ላይ ራሴን አሞኛል ብሎ መጋደሙ አንዱ ወገኑ እውነት ነበር።

አቡጄዲዱንም ልንገርህ። ከላንጋኖ እንደተመለስን በራሱ እጅ አጠበው፣ አሰጣው፣ እኔን አስተኮሰኝ። አጣጥፎ የእማዬ ሻንጣ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጠው። በሚቀጥለው ጊዜ ለሰሌዳው ያስፈልገናል ስለው፣ ለሰሌዳው ሌላ ፈልጊ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ክፍሌ ገብቼ ነው የገባኝ።

በእማዬ አርባ ድንኳኑ እየፈረሰ በክራንች ስትደርስ፣ በሩ ላይ ቆመህ ያልከውን አልረሳሁም። እናቴን ሳልቀብር አስቀራችሁኝ፣ ሌላ ጊዜ ቀድማችሁ ንገሩኝ ብለህ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጥክም። እሱም ኩራቱ አልለቀው ብሎ ና አላለህም። ደግሞም ና ማለት ቢችል ኖሮ ሰሌዳ ይገንዝ ነበር? አሁን ተራው የእኔ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ይኸው ቀድሜ ነገርኩህ።

ደብዳቤውን ባቱ ለሚመላለሰው ሚኒባስ ሹፌር ለዳዊ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጁ ለራስህ እንዲሰጥህ፣ መልስም እንዳይጠብቅ ነግሬዋለሁ። መልስ መጻፍ አያስፈልግህም። አባባ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ምን ታያለህ ስለው መኪና እቆጥራለሁ ይለኛል።

እመብርሃን ከክፉ ትጠብቅህ፤ ኦብሴን በሞገስ ታሳድግልህ፤ ለሀዊ ጤናና ትዕግሥት ትስጥልን፣ ካንተ ጋር ለመኖር ሁለቱም ያስፈልጓታል። ልጅቷን ይዛችኋት ኑ፤ ያልሳምኳትን እስማታለሁ፣ እሱም ያይላታል ያን ግንባር። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ስትመጣ ያ አሮጌ መንገድ ይቅርብህ። በፈጣኑ ና።

እሾህ ላይ የተወለደችው
ታናሽ እህትህ